አንድ ቀን ለሮም፦ ከየት ተነሥቼ የት ልጨርስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሰሜን ጣሊያን በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ትምህርት ከጀመርኩ ስምንት ወር ቢሞላኝም ከምማርበት ከተማ ወጥቼ አላውቅም። በመጪው ወር ሮምን ለአንድ ቀን ለማየት ቆርጫለሁ፤ ማለዳ በባቡር ገብቼ ማታ እመለሳለሁ። ጓደኞቼ «ይህማ እንዳያመልጥሽ» ያሉኝን ሁሉ ብጽፍ አሥራ ሰባት ቦታ ሆነ። ከየት እንደምጀምር፣ ገንዘቤም ውስን ስለሆነ በየትኛው ላይ መክፈል እንደሚሻለኝ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ሌላም አለ፤ አባቴ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ፎቶግራፍ አንሥቼ እንድልክለት ለምኖኛል። ቦታው ዛሬ ይገኛል?
የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ከሰሜን ጣሊያን

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከአባትዎ ጥያቄ ልነሣ፤ ቀንዎን የሚጀምሩበትን ቦታ የነገሩኝ እርሳቸው ናቸውና። ቦታው አለ፤ ፖርታ ካፔና ይባላል። ሐውልቱ ከአክሱም ተወስዶ በ1937 በዚያ አደባባይ ተተከለ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣሊያን በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ልትመልሰው ብትስማማም፣ 24 ሜትር ያህል ቁመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ይህ ድንጋይ ከመሠረቱ የተነሣው በ2003፣ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የደረሰው በ2005፣ በቀድሞ ቦታው ተተክሎ የተመረቀውም በ2008 ነው። ዛሬ በአደባባዩ ላይ የሚያዩት ሁለት ጥንታዊ ዓምዶችን ነው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ በደረሰው ጥቃት ላለቁት ሰዎች መታሰቢያ የቆሙ ናቸው። ከፊት ለፊት ያለው ነጭ ትልቅ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሕንፃው ሲታቀድ ግን ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር የታሰበ ነበር፤ ሐውልቱም ከፊቱ የተተከለው በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ወደዚያ የሄድኩት ሐውልቱ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ መኪና በሚተራመስበት በዚያ መንገድ ዳር ቆሜ ባዶውን ሰማይ ማየቴ፣ ከዚያ በፊት በሮም ካየኋቸው ሕንፃዎች ሁሉ ይልቅ በልቤ ቀርቷል።

ስለ አሥራ ሰባቱ ቦታዎች በግልጽ ልናገር፤ ይሰርዟቸው። እኔም ተማሪ ሳለሁ በአንድ ቀን ብዙ ቦታ ያዳረስኩ መስሎኝ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ግን ፎቶግራፎቹን ሳገላብጥ የትኛው ቤተ ክርስቲያን የት እንደነበረ መለየት አልቻልኩም። ሮም ዕቃዎቿ በየክፍሉ እንደተደረደሩበት ሙዚየም አይደለችም፤ አንዱ ዘመን የሌላውን ድንጋይ እያነሣ የሠራባት፣ አሮጌው በአዲሱ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ የሚታይባት ከተማ ናት። ይህን ለማየት በእግር መሄድ፣ ጥቂት ቦታ ላይም ረዘም አድርጎ መቆም ያስፈልጋል። ስለዚህ ከፖርታ ካፔና ተነሥተው በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ የሚጨርሱበትን፣ ሁሉም ሲደመር ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግር መንገድ እመክርዎታለሁ።

ባቡርዎ ቴርሚኒ ጣቢያ ያወርድዎታል። ትልቅ ቦርሳ ከያዙ እዚያው በአደራ ማስቀመጫው ይተዉት፤ ኮሎሲየም ውስጥ ሻንጣና ትልቅ የጀርባ ቦርሳ አያስገቡም፣ ማስቀመጫም የለም። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ እነዚህ አምስት መቶ ያህል ሰዎች በ1887 በዶጋሊ ከራስ አሉላ ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁ የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ብዙው መንገደኛ፣ ጣሊያናዊውም ጭምር፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ሳያስብ በየቀኑ ያልፍበታል። ከዚያ በሜትሮው ቢ መስመር ላውሬንቲና በሚለው አቅጣጫ ሦስተኛው ፌርማታ፣ ቺርኮ ማሲሞ፣ ይውረዱ። ቲኬቱ 1.50 ዩሮ ሲሆን ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። አውቶቡስ ሲሳፈሩ የወረቀት ቲኬትዎን በማሽኑ ማኅተም ማስመታት አይርሱ፤ ማኅተም የሌለው ቲኬት እንዳልተገዛ ተቆጥሮ ያስቀጣል።

የአባትዎን ፎቶግራፍ ካነሡ በኋላ በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ወደ ሰሜን ይሂዱ። ይህ አጭር መንገድ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት፣ በባዶ እግሩ የሮጠበት የማራቶኑ መጨረሻ ነው። ሩጫው በስታዲየም ያልተጀመረ፣ በስታዲየምም ያልተጠናቀቀ ነበር፤ ሯጮቹ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት ጨለማ አልፈው ወደ ከተማዋ ተመለሱ። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ቆይቶ፣ ወደ አክሱም ሐውልት ሲቃረብ ጥሎት ወጣና 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲሞላው ከቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ደረሰ። እርስዎም ያንኑ መንገድ በእግርዎ ሄደው ቅስቱ ፊት ይቆማሉ፤ ከዚህ የተሻለ የሮም መግቢያ በር አላውቅም።

ቅስቱን ዝም ብለው አይለፉት። ቆስጠንጢኖስ በ312 በሚልቪዮ ድልድይ ተቀናቃኙን ማክሴንቲዮስን ድል ላደረገበት ጦርነት መታሰቢያ ሆኖ በ315 ተመረቀ። ነገር ግን ጌጡ አብዛኛው ከቀደሙት የሮም ነገሥታት የትራጃን፣ የሐድሪያንና የማርቆስ አውሬሊዮስ ሐውልቶች ተነቅሎ የመጣ ነው። ከጎን ካሉት ትናንሽ በሮች በላይ ያሉትን ክብ ቅርጾች ቀና ብለው ይመልከቱ፤ የአደንና የመሥዋዕት ሥዕሎች የተቀረጹባቸው ናቸው። የተሠሩት ለሐድሪያን ሲሆን፣ በኋላ የንጉሡ ፊት እየተፋቀ የአዲሱ ገዥ መልክ ተቀረጸበት። ከክቦቹ በታች በቆስጠንጢኖስ ዘመን የተቀረጹት ቀጭን መስመሮች ደግሞ አጫጭር፣ ራሳቸው ትልልቅ የሆኑ ሰዎች የተደረደሩባቸው ናቸውና የሁለቱ ዘመን እጅ ልዩነት ያለ አስጎብኚ በዓይን ይታወቃል።

ኮሎሲየም ከጎኑ ነው። ግንባታውን ቬስፓስያን ጀመረ፣ በ80 ልጁ ቲቶ አስመረቀ፤ ወደ 50,000 ሰው ይይዝ እንደነበር ይገመታል። ከውጭ ሳሉ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው፣ በሰሜን በኩል ባልፈረሰው ግድግዳ ከታችኞቹ ቅስቶች በላይ እስከ ዛሬ የሚነበቡት የሮማውያን ቁጥሮች ናቸው፤ ከ23 እስከ 54 ያሉት ቀርተዋል። ተመልካቹ የሚገባበትን በር የሚያውቀው በእነርሱ ነበር። ሁለተኛው፣ ድንጋዩን እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የሞሉት ጉድጓዶች ናቸው። ድንጋዮቹን እርስ በርስ ያያያዘው ብረት ስለነበረ፣ በመካከለኛው ዘመን ብረት ሲወደድ ሰዎች እየፈለፈሉ አወጡት፤ በ1349 የመሬት መንቀጥቀጥ የደቡቡ ወገን ሲወድቅም ፍርስራሹ የሮም ቤተ መንግሥቶችና አብያተ ክርስቲያናት መሥሪያ ሆነ።

ገንዘብዎን እዚህ ላይ ያውጡ እላለሁ። 18 ዩሮ የሆነው መደበኛ ቲኬት ኮሎሲየምን ብቻ ሳይሆን የጥንቱን የሮም አደባባይ ፎሮ ሮማኖንና የፓላቲን ኮረብታንም ያካትታል። ቲኬቱ በስም የሚቆረጥ ስለሆነ ፓስፖርትዎን ወይም የመኖሪያ ፈቃድዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሽያጩ ከጉብኝቱ 30 ቀን በፊት ስለሚከፈት ቀኑን ቆጥረው ከወዲሁ ይግዙ። የሚጻፍበት ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ 9፡30 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ይህን ለእርስዎ መንገሬ እንዳያስገርምዎት፤ በስልክ ከቤተሰብ ጋር በእኛ ሰዓት ሲቀጣጠሩ የሚቀላቀልባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ ከኮሎሲየም ውስጥ ይልቅ ለፎሮ ሮማኖ ረዘም ያለ ጊዜ ቢሰጡ እመርጣለሁ። ከኮሎሲየም በኩል ሲገቡ የቲቶ ቅስት ይቀበልዎታል። በቅስቱ ሥር ገብተው በስተደቡብ ያለውን የውስጥ ግድግዳ ይመልከቱ፦ ወታደሮች በ70 ከፈረሰው የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የማረኩትን ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ በትከሻቸው ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። ከልጅነታችን በመጽሐፍ ስናነበው የኖርነውን መቅረዝ፣ የማረኩት ሰዎች ራሳቸው እንደቀረጹት ማየት ሰውን ባለበት ያቆማል።

ከዚያ ቁልቁል ሲወርዱ በስተቀኝ ረጃጅም ዓምዶች ያሉት አንድ ቤተ ጣዖት ያገኛሉ፤ ንጉሥ አንቶኒኖስ ፒዮስ ለሞተች ሚስቱ ለፋውስቲና በ141 ያስጀመረው ነው። ከዓምዶቹ ጀርባ ቤተ ክርስቲያን አለ። የቤተ ክርስቲያኑን በር ልብ ብለው ይዩት፤ መሬት አይነካም፣ ደረጃም የለውም፣ ከሰው ቁመት በብዙ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ስሕተት አይደለም። በሩ ሲሠራ ምድሩ እዚያ ድረስ ነበር፤ በዘመናት አፈርና ፍርስራሽ ተሞልቶ የነበረው ሜዳ በኋላ በአርኪዮሎጂስቶች ተቆፍሮ ሲነሣ በሩ አየር ላይ ቀረ። ሮም ከእግራችን በታች ምን ያህል እንደምትወርድ ከዚህ በር የተሻለ የሚያስረዳ መጽሐፍ አላነበብኩም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሄዱ ከሆነ እዚህ ጥላ የሚባል ነገር ጥቂት ስለሆነ ባርኔጣና ውኃ ይያዙ፤ የመስታወት ጠርሙስ ግን በፍተሻው አያልፍም።

ወደ ካፒቶሊን ኮረብታ በሚያወጣው በር ወጥተው ወደ ካምፒዶሊዮ አደባባይ ይውጡ። አደባባዩን የነደፈው ማይክል አንጄሎ ነው። መካከል ላይ በፈረስ የተቀመጠው ማርቆስ አውሬሊዮስ ቅጅው ሲሆን ዋናው በጎኑ ባለው ሙዚየም ይጠበቃል፤ ከጥንት የነሐስ ሐውልቶች ብዙዎቹ ሲቀልጡ ይህ የተረፈው ክርስቲያኖች ቆስጠንጢኖስ ስለመሰላቸው ነው ይባላል። የ1960ው ማራቶን የተጀመረው ከዚህ ኮረብታ ግርጌ ስለሆነ፣ እስከ እኩለ ቀን የአበበን መድረሻና መነሻ ሁለቱንም አይተዋል ማለት ነው። የኮሎሲየሙን ቲኬት መግዛት ካልቻሉም አይዘኑ፤ ከአደባባዩ ጀርባ ካለው መከታ ላይ ፎሮው ሙሉ በሙሉ፣ በነጻ፣ ከፊትዎ ተዘርግቶ ይታያል።

ምሳ ላይ አልቆይም። በክብደት የሚሸጥ የቁራጭ ፒዛ ያጠግባል፤ ቡና ቆመው ከባንኮኒው ቢጠጡ ከተቀመጡበት ዋጋው ያንሳል። ስለ ውኃ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። በየመንገዱ ዳር ቁመታቸው ከወገብ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ከቧንቧቸው ያለማቋረጥ ውኃ የሚወርድ የብረት ምሰሶዎች ያያሉ፤ ሮማውያን «ናዞኔ» ወይም «ትልቅ አፍንጫ» ይሏቸዋል፣ በከተማዋ ወደ 2,500 አሉ። ውኃው ንጹሕ ነው። የቧንቧውን አፍ በጣትዎ ሲደፍኑት ከላይ ካለው ትንሽ ቀዳዳ ውኃው ቅስት ሠርቶ ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ ጎንበስ ሳይሉ መጠጣት ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጥንታዊው ቤተ ጣዖት፣ ወደ ፓንተዮን፣ ይግቡ፤ መግቢያው 5 ዩሮ ነው። ግንባሩ ላይ የተጻፈው ስም በዚያው ቦታ የቀድሞውን ቤተ ጣዖት ያሠራው የሮማዊው ሹም የአግሪጳ ቢሆንም የዛሬው ሕንፃ በሐድሪያን ዘመን በ125 ገደማ የተጠናቀቀ ነው። የጉልላቱ ስፋት 43.3 ሜትር ነው፤ ከወለሉ እስከ ጉልላቱ አናት ያለው ከፍታም ልክ ያንኑ ያህል ነው። ይህ ሁሉ ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ነው። ሠሪዎቹ ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ እየቀለለ የሚሄድ፣ አናቱ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየቀላቀሉ፣ ውፍረቱንም እየቀነሱ ወጡ። መካከሉ ላይ ያለው 9 ሜትር ገደማ የሚሰፋ ክብ ክፍት ነው፤ መስታወት የለውም። ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይዘንባል፤ ወለሉ በቀላሉ የማይታይ ጉብታ ስላለው ውኃው ወደ ትናንሽ የድንጋይ ቀዳዳዎች ይሸሻል። ሕንፃው ሳይፈርስ የቆየው በ609 ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው። ከሠዓሊው ራፋኤል መቃብር አጠገብ የጣሊያኑ ንጉሥ የኡምቤርቶ ቀዳማዊም መቃብር አለ። የውጫሌ ውል የተፈረመውና የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው በእርሱ ዘመነ መንግሥት ነበር።

ከፓንተዮን ሁለት ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ የፈረንሳዮች የቅዱስ ሉዊጂ ቤተ ክርስቲያን አለ። መግቢያው በነጻ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን ለጥቂት ጊዜ ስለሚዘጋ ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ይድረሱ። በስተግራ መጨረሻው ጸሎት ቤት የሠዓሊው ካራቫጆ ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። ጨለማ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ሳንቲም ሲከቱ መብራቱ ለጥቂት ጊዜ ይበራል። በዚያ ብርሃን ቀራጩ ማቴዎስ ገንዘብ ከሚቆጥርበት ጠረጴዛ ቀና ሲል ያያሉ።

ናቮና አደባባይም ቅርብ ነው። ሞላላ ቅርጹ የዶሚቲያን ስታዲየም ቅርጽ ነው፤ ዙሪያው ያሉት ቤቶች በስታዲየሙ መቀመጫዎች ላይ ተሠርተዋል። መካከል ላይ በ1651 የተጠናቀቀው የቀራፂው ቤርኒኒ የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ አለ፤ ወንዞቹ በአራት ግዙፍ ሰዎች ተመስለዋል። ከአራቱ አንዱ ፊቱን በጨርቅ ሸፍኗል፤ እርሱ ዓባይ ነው። የተሸፈነውም ምንጩ በዚያን ጊዜ አይታወቅም ስለተባለ ነው። ኢየሱሳዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ግን ከዚያ በ33 ዓመት ቀድሞ፣ በ1618፣ ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ ምንጩን አይቶ ጽፎ ነበር፤ የሰከላ ሰው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ጠበሉን ሲጠመቅበት ኖሯል። እዚህ ፏፏቴ ፊት ከሌላው አገር ጎብኚ ይልቅ አንድ ኢትዮጵያዊ የሚለው ነገር ይኖረዋል።

ከዚያ መላእክት በቆሙበት የሳንታንጄሎ ድልድይ ቲበርን ተሻግረው ከ10 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ቅዱስ ጴጥሮስ ይድረሱ፤ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ከጠዋቱ ይቀላል። ባሲሊካው (ታላቁ ቤተ ክርስቲያን) መግቢያ አያስከፍልም፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግን ግዴታ ነው፣ ነጠላ ብትይዙ ይበቃዎታል። በአደባባዩ መካከል ከቆመው ረጅም የድንጋይ ዓምድ፣ ከኦቤሊስኩ፣ ግራና ቀኝ፣ በሁለቱ ፏፏቴዎችና በእርሱ መካከል፣ መሬት ላይ ክብ ድንጋይ ተነጥፏል። በአንዱ ላይ ቆመው ቤርኒኒ በአራት ረድፍ ወደተከላቸው 284 ዓምዶች ይመልከቱ፤ አራቱ ረድፍ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተሰውሮ እንደ አንድ ረድፍ ይታያል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲሉ ደን ይሆናል። ውስጥ ሲገቡ ወዲያው በስተቀኝ፣ በመስታወት ጀርባ፣ ማይክል አንጄሎ በ1499 የፈጸመው እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሐውልት አለ። ሥራውን ሲጨርስ 24 ዓመቱ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሊቀ ጳጳሱ ሕዝብ በሚቀበሉበት ሰዓት ባሲሊካው ስለሚዘጋ የመንገድዎን ቀን ሲመርጡ ይህንንም ያስቡበት።

የቫቲካን ሙዚየሞችን ከዕቅድዎ ያውጡ። የሲስቲና ጸሎት ቤት ያለው እዚያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ የሚወስደውም ከእግር መንገድዎ ነው። ሌላ ጊዜ ለእርሱ ብቻ ይመለሱ። የትሬቪን ፏፏቴ ግን ሲመለሱ ያገኙታል፤ ከቫቲካን አጠገብ ካለው ከኦታቪያኖ ጣቢያ በሜትሮው ኤ መስመር ተሳፍረው ባርቤሪኒ ይውረዱ፣ በመብራት ይዩት፣ ከዚያው ባርቤሪኒ ሁለተኛው ፌርማታ ቴርሚኒ ነው።

ጥያቄ፦ የተማሪ መታወቂያዬን ይዤ በሮም ወደ አንድ የመንግሥት ታሪካዊ ሥፍራ ብሄድ ቅናሽ የለህም ተብዬ ሙሉ ዋጋ ከፈልኩ። ከእኔ ቀድሞ የገባው የክፍል ጓደኛዬ ግን 2 ዩሮ ብቻ ከፈለ። የቆዳዬ ቀለም ነው ብዬ በጣም አዘንኩ። ሕጉ ምን ይላል?
የምህንድስና ተማሪ

መልስ፦ ማዘንዎ ይገባኛል፤ ማንም ቆሞ ሳያስረዳ እንዲህ ሲለይ ያማል። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ልዩነቱ የመጣው ከዜግነት ይመስለኛል። በጣሊያን የመንግሥት ሙዚየሞችና የአርኪዮሎጂ ሥፍራዎች ከ18 እስከ 25 ዓመት ላሉት የሚሰጠው የ2 ዩሮ ዋጋ የተመደበው ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ዜጎች ነው እንጂ ለተማሪነት አይደለም፤ የጓደኛዎ ፓስፖርት የኅብረቱ አገር ከሆነ ተማሪ ባይሆንም ያንኑ ይከፍል ነበር። ጣሊያን ውስጥ መኖርዎና ፐርሜሶ (የመኖሪያ ፈቃድ) መያዝዎ ዜግነቱን አይተካም።

ሆኖም ሦስት መንገዶች አሉ። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞችና ሥፍራዎች፣ ኮሎሲየምም ጭምር፣ ለማንም በነጻ ክፍት ናቸው፤ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ማለዳ መድረስ ያሻል። በአርክቴክቸር፣ በቅርስ ጥበቃ፣ በአርኪዮሎጂ ወይም በኪነ ጥበብ ታሪክ በኅብረቱ አገር ዩኒቨርሲቲ የተመዘገበ ተማሪ ደግሞ የዓመቱን የምዝገባ ማስረጃ ካሳየ በነጻ ይገባል፤ ይህ በትምህርት ክፍል እንጂ በዜግነት የሚወሰን አይደለም። እርስዎ የምህንድስና ተማሪ ስለሆኑ አይጠቅምዎትም፤ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ተማሪዎች ግን ብዙውን ጊዜ ስለማያውቁት ይከፍላሉ። ሦስተኛው፣ የቫቲካን ሙዚየሞች በሌላ መንግሥት ሥር በመሆናቸው ደንባቸውም ሌላ ነው፤ ዕድሜው እስከ 25 ለሆነ ተማሪ፣ የየትም አገር ዜጋ ይሁን፣ የተማሪ መታወቂያውን አይተው ይቀንሳሉ። የወሩ የመጨረሻ እሑድ ጠዋትም በነጻ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ሮም የሚማረውን ልጄን ልጠይቅ ነው። በቫቲካን ውስጥ የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን አለ ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው? ልናየው እንችላለን?
ጡረተኛ መምህር

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ እውነት ነው። የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይባላል፤ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለ ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በሊቀ ጳጳስ ሲክስቶስ አራተኛ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ተሰጠ። ለአማርኛ መምህር ደግሞ ትርጉሙ ከዚህም ይሰፋል። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ከዚያ መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ያ ነው። በ1548 እና በ1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቹ ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። በመጽሐፉ መጨረሻ ለሚያገኙት ስሕተት አንባቢዎችን ይቅርታ ይጠይቃል፦ ያተሙት ሰዎች ማንበብ እንደማይችሉ፣ እነርሱም ማተም እንደማያውቁ፣ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ እየተረዳዱ እንደሠሩት ይናገራል። ፊደል ለቅሞ የደረደረውን ያንን የማያነብ እጅና አጠገቡ ቆሞ የሚያርመውን መነኩሴ ሳስብ፣ ልጆችን ፊደል ያስቆጠሩ እርስዎን የመሰሉ መምህራን ትዝ ይሉኛል።

አንድ ምዕተ ዓመት ቆይቶ፣ በ1649፣ ወጣቱ ጀርመናዊ ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ እዚያው ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ጋር ተገናኘ። ከመካከላቸው አባ ጎርጎርዮስ በኋላ ወደ ጀርመን ጎታ ድረስ ሄደው ግዕዝና አማርኛ አስተማሩት፤ ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውም የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ባሲሊካው ለማንም ክፍት አይደለም፤ ያለው በቫቲካን የአትክልት ሥፍራ በኩል ስለሆነ ጎብኚ በራሱ ተነሥቶ አይደርስበትም። ከላይ ግን ሊያዩት ይችላሉ። ወደ ባሲሊካው ጉልላት የሚያወጣው ደረጃ 551 ነው፤ በአሳንሰር እስከ ጣሪያው ከወጡ 320 ይቀርዎታል። ጠባብና ዘወርዋራ ስለሆነ ጉልበትዎን መዝነው፣ ከልጅዎ ጋር፣ እያረፉ ይውጡ። ጉልላቱ ከባሲሊካው ቀድሞ ስለሚዘጋ ጠዋት ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ፀሐይ ከጀርባዎ ስለምትሆን፣ ወደ ምዕራብ ዞረው ቁልቁል ሲያዩ ከባሲሊካው ግድግዳ ጥግ ያለው ትንሹ ጣሪያ፣ ከእርሱ ወዲያ ደግሞ በዛፎቹ መካከል በ1919 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ኮሌጅ ይታያል።